እልል የማይባልበት መንገድ

የእስቴ ሰው ስማዳን በስም ነው የሚያውቀው። ለገበያ ቢሉት ሩቅ፣ ለዘመድ ጥየቃ ቢሉት ቁልቁለቱ ጉልበት የሚበላ ነው። የእኔ እግር ግን ቤት አይወድም። ቆብ ከጫንሁ ወዲህ ከገዳም ገዳም ስዞር ነው የኖርሁ፤ የልጅ ልጆቼም «እማሆይ የት አሉ?» ሲባሉ «መንገድ» ብለው ይመልሳሉ። ስለተሳለምኋቸው ደብሮች አንድ ቀን ጽፌ አላውቅም። ይህን የምጽፈው ደጄ እየመጣችሁ «ይርጋ እንዴት ሆነ? ለምን አገሩ አልገባም?» ለምትሉኝ የማኅበር እኅቶቼ ነው። ደጋግሜ ከማወራው አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም፤ ፊደልም ዳዊትም ያስያዘኝ ቄሱ ባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረው። ስሕተት ብታገኙ እለፉት።

ይርጋ የታላቅ እኅቴ የአንጓች የመጨረሻ ልጅ ነው። አንጓች በልጅነቷ ከስማዳ ከተማ ከወገዳ ወዲያ፣ ቆላው አፋፍ ላይ ካለች መንደር ተዳረች፤ ባሏም ልጆቿም አልቀው አሁን የቀራት ይርጋ ብቻ ነው። ይርጋ፣ መንግሥቴ የሚባል ጎረቤቱን ገደለ። ሁለቱ ወንፈል የሚገቡ፣ እየተጋገዙ የሚያርሱ፣ አንዱ በሬ ቢጎድልበት ከሌላው በሬ አቀናጅቶ የሚያርስ ጓደኛሞች ነበሩ። በሰኔ እርሻ «ድንበር ገፋህ»፣ «አልገፋሁም» ተባባሉ፤ ይርጋ የቀንበሩን ማነቆ እንጨት ነቅሎ አናቱን መታው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ምክንያት ብትፈልጉ እኔም ፈልጌ አላገኘሁም።

ዳኛ ፈረደበት፤ ብዙ ዘመን ታሰረ፤ ዘንድሮ ለዘመን መለወጫ ምሕረት ወጣለት። መንግሥት ፈታሁት አለ፤ ደም ግን አልፈታውም። በዚያ አገር ሰው የገደለ ሰው የሟች ወገን በሽማግሌ ፊት «ይማርህ» እስኪለው ድረስ አገሩ አገሩ አይደለም። ከእነሱ ምንጭ አይጠጣም፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ማዕድ አይቆርስም። መንገድ ላይ ቢያገኙት የሚሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ።

ሊፈታ ነው ሲባል የመንደሩ ሽማግሌዎች በቄሰ ገበዙ መሪነት ክረምቱን ሙሉ ሲመላለሱ ከረሙ። የሟች እናት እመት የሻረግ እንቢ አለች፤ ደግሞ አለቀሰች፤ በመጨረሻ «እሺ» አለች። የሟች ታላቅ ወንድም ሞላም «እናቴ ካለች» አለ። እርቁ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ወንዝ ዳር እንዲሆን ተቆረጠ። ቄሰ ገበዙ መልእክት ላከብኝ። ልጁን ከወህኒ የሚያመጣው ወንድ አይሁን፤ ወንድ ካጀበው ጠብ ያስመስላል። አሮጊት ታምጣው፤ በአሮጊት ላይ እጁን የሚያነሣ የለም። ዱላ አይያዝ። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይምጣና ደጀ ሰላም ይደር። ከሁሉም በላይ ግን እልል አይባል፣ በግ አይታረድ። ደም ሳይደርቅ ለገዳይ እልል ማለት በሟች ሬሳ ላይ መዝፈን ነው።

ረቡዕ ጧት ከእስቴ ከተማችን ከመካነ ኢየሱስ ይርጋ ወደ ታሰረበት ወደ ደብረ ታቦር ተነሣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ዶሮው፣ ማሩ፣ የታመመ ሕፃኑ፣ ሁሉም አለ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «እማሆይ፣ ለየትኛው ንግሥ ነው?» አለችኝ። ቆብ ያየ ሁሉ ንግሥ የምወርድ ይመስለዋል።

«ለወህኒ ቤቱ ንግሥ» አልኋት።

ሳቀች፤ ኋላ ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች።

የደብረ ታቦር ብርድ እንደ እኛ ብርድ አይደለም። የእኛው ጋቢ ሲደርቡ ይሄዳል፤ የዚያው ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ያድራል። ወህኒ ቤቱ አጠገብ ብርቄ የምትባል ጠላ ሻጭ አለች። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ገጠሬ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው የሚያድር። ጾም ነውና ሽሮ አቀረበችልኝ፤ ከእኛ ሽሮ ቀጠን ይላል፣ ቃሪያው ግን ያስለቅሳል።

«እዚህ ቤት የሚያድር ወይ እያለቀሰ ይገባል ወይ እየሳቀ ይወጣል» አለችኝ። «አንቱ የትኛዋ ነዎት?»

«ነገ እነግርሻለሁ።»

«ማንዎ ነው ታስሮ ያለ?»

«የእኅቴ ልጅ። ነገ ይፈታል።»

«እሰይ! ታዲያ ምነው ፊትዎ ለቅሶ ቤት መሰለ?»

«ደም አለበታ።»

ብርቄ ጭልፋዋን አስቀመጠች። «እንግዲያ ገና አልተፈታማ» አለች። አልጋዋን ለእኔ ለቀቀችና እሷ መደብ ላይ ተኛች፤ ብለምናት አልሰማችም።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ይርጋ ወጣ። ሲገባ ጎፈሬ ነበር፤ ሲወጣ ግንባሩ እስከ መሐል አናቱ ደርሷል። በፌስታል ልብሱን ይዟል። ጉልበቴን ሳመና «አክስቴ፣ አረጁ» አለኝ።

«አንተስ? ጠጉርህን የት አስቀመጥኸው?»

ፈገግ አለ፤ ጥርሱም ጎድሏል። ብርቄ ቤት ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ደጁ ላይ ቆመ። ግባ ብለው አይገባም። ለካ ሰው በሩን ይዞ «እለፍ» እስኪለው እየጠበቀ ኖሯል። ብርቄ ይህን አይታ ታውቃለች መሰለኝ፣ ምንም ሳትል መጥታ የተከፈተውን በር እንደ አዲስ ያዘችለትና «እለፍ» አለችው። ያን ጊዜ ገባ።

የሽማግሌዎቹን ቃል ነገርሁት። ዱላ አትያዝ ስለው «ከዚያ ወዲህ እንጨት በእጄ አልያዝሁም» አለ። «የሸማኔ መወርወሪያ ነው የያዝሁ። ሽመና ተማርሁ።» ከፌስታሉ ውስጥ ነጠላ አወጣ፤ ጥለቱ ቀጭን፣ ፈትሉ የጠራ። «ለእናቴ ነው። ታያለች?»

«ዓይኗ ደክሟል። በእጇ ታየዋለች።»

ከሰዓት በኋላ በተሳፈርንበት አውቶቡስ ወደ እስቴ ስንመለስ ጎማው ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም የፈነዳ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማ የሚሠራውን ሁሉ ሰደበ፤ ረዳቱ በእግሩ ጎማ ፍለጋ ሄደ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገብስ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ መጣና «እማሆይ፣ እዚህ ብርድ ላይ አያድሩም፣ ይነሡ» አለኝ። አያ ደምሌ ይባላል። ቤቱ ከመንገዱ ብዙ አይርቅም፤ የእኛን አገር ቤት ይመስላል፣ ጣሪያው ብቻ ቆርቆሮ ሆኗል። በረዶ በዘነበ ቁጥር እርስ በርስ መሰማማት የለም ብሎ አማረረ።

ሚስቱ ውኃ አሙቃ መጣችና የእኔን እግር አጠበች፤ ከዚያ ወደ ይርጋ ዞረች። አንዱን እግሩን ጨርሳ ሌላውን ልትይዝ ስትል አያ ደምሌ «ከየት ነው አመጣጣችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ «ከደብረ ታቦር» ልል አፌን ስከፍት ይርጋ ቀደመኝ።

«ከወህኒ።»

«ምን አድርገህ?»

«ሰው ገድዬ።»

የሴትዮዋ እጅ ውኃው ውስጥ ቆመ። ልጆቹ ወደ ጓዳ ተጠጉ። አያ ደምሌ ሚስቱን አየና «ምነው ቆምሽ?» አላት። «አንድ እግሩ ብቻ ነው እንዴ የመጣው?»

ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣት። ሁለተኛውን እግሩንም አጠበች፤ ከመጀመሪያው ይልቅ በደንብ አጠበችው። የገብስ እሸት ጠብሳ፣ በተልባ ቂጣ አበላችን። አያ ደምሌ ስለ እርቁ ጠየቀና በሽምግልና ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ኖሮ ምክር ሰጠው።

«አንገትህ ላይ የሚጫነውን ድንጋይ ራስህ ምረጥ። ሽማግሌ ቀላሉን ይሰጥሃል፤ አዘነልህ ብለህ እንዳትቀበል። ቀላል ድንጋይ ተሸክሞ ይማሩኝ ያለ ሰው ዕድሜ ልኩን ይታማል።»

«ከባዱን እወስዳለሁ።»

«አንገትህ ጎብጦ ይታይ። የሟች እናት የምታየው አንገትህን ነው፤ አፍህን አይደለም።»

እግዜር ይስጣቸው፣ ከእነሱ ቤት የወጣነው እንደ ዘመድ ተመርቀን ነው። በዚያ መንገድ ላይ ልቤ ደኅና ሆና ያደረችው ያን ሌሊት ብቻ ነው።

ዓርብ ጎማው ተገኝቶ መካነ ኢየሱስ ገባን። ምራቴ ይርጋን ስታይ ልትስመው ተነሥታ መልሳ ቁጭ አለች፤ ልሳም አልሳም አላወቀችም፣ እሱም አልነቀፋትም። የስማዳ ሰው ለገበያ ስለሚመጣ እቤቴ ማደር አልወደደም። ስለዚህ ጨው የጫነ አይሱዙ አገኘንና ወደ ወገዳ ተሳፈርን። እኔ ጋቢና፣ ይርጋ ከጨው ነጋዴው ጋር ጭነቱ ላይ።

እኛ መንገዳችን ከፍቷል ስንል እናማርራለን። እኅቶቼ፣ እግዚአብሔርን አመስግኑ። የወገዳ መንገድ መንገድ ለመሆን ገና እያሰበ ነው። በየቦታው የሴፍቲኔት ሠራተኞች፣ ሴቱም ሽማግሌውም፣ ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጡ ያነጥፋሉ፤ ያነጠፉትን ክረምቱ ይወስደዋል፤ እንደ ገና ይፈልጣሉ። ከአንዱ ጨፌ ስንደርስ መኪናው እስከ ወገቡ ሰመጠ። ሁሉ ወርዶ ገፋ። ይርጋ ጭቃ ውስጥ እስከ ጭኑ ገብቶ ትከሻውን ሰጥቶ ሲገፋ ሾፌሩ «ይሄ ሰውዬ በሬ ነው እንዴ?» አለ። መኪናው ሲወጣ ጭቃው ፊቱን ሸፈነውና ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ሲስቅ ልጅነቱን አየሁት።

ጨው ነጋዴው የጋይንት ሰው ነው፤ የይርጋን መንደር በገበያ ያውቀዋል። ጭቃችንን ስናራግፍ ወደ እኔ ጠጋ አለና «እማሆይ፣ ልጁን አውቄዋለሁ» አለኝ። «አይፍሩ። እመት የሻረግ ለእሑድ ጠላ ጠምቃለች። ጌሾ ከእኔ ነው የገዛች። ለእርቅ ነው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የሟች እናት ጠላ ጠመቀች ማለት ልቧ ቆርጧል ማለት ነው። እርቁ ሲያልቅ ከአንድ ዋንጫ ሊጠጡ ነው። ለይርጋ ስነግረው ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ወገዳ አንዲት የማውቃት መነኩሲት ጎጆ አደርን። ስለ ቁንጫው አልጽፍም፤ የእኛም አገር ቁንጫ አለው፣ ያን ያህል የተራበ ግን አይደለም።

ቅዳሜ ከወገዳ በእግር ወረድን። አገሩ ሲወርዱበት እየሞቀ፣ ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ እየተተካ ይሄዳል። እስቴ ሰው በሄደበት ሁሉ ውኃ ያገኛል፤ እዚያ ግን ከረፋድ እስከ ቀትር ሄደን አንዲት ምንጭ አገኘን። ከቋጥኝ ሥር ትወጣለች፣ ጥርት ያለች። ጎንበስ ብዬ ጠጣሁና ለይርጋ በቅል ቀዳሁለት።

«አልጠጣም።»

«ምነው ልጄ? ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል።»

«የነሞላ ምንጭ ናት።»

«እኔ ነኝ የቀዳሁ፤ ከእጄ ነው የምትጠጣ።»

«ነገ እጠጣታለሁ፣ አክስቴ» አለ። «ነገ እነሱ ሲሰጡኝ።»

ቅሉን ደፋሁት።

ቤተ ክርስቲያኑ አፋፉ ላይ ነው፤ ከታች ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ የነየሻረግ ቤቶች ይታያሉ። በእኛ በኩል የአንጓች ጎጆ አለች። ከዚህ ሆኖ የተጣራ ሰው ከወዲያ ማዶ ይሰማል። ቄሰ ገበዙ ግቢው በር ላይ ጠበቀን፤ ነጭ ጺም ያለው፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሽማግሌ ነው። ይርጋን መስቀል አሳለመውና ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀመጠው። ጭብጦና ውኃ ከራሱ ቤት አመጣለት።

«እናቱን የሚያያት ነገ ነው» አለኝ። «ከእርቁ በኋላ።»

ቃሉን ሳይጨርስ አንጓች መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ በዱላ መሬቱን እየዳሰሰች፣ ብቻዋን፣ ዳገቱን ወጥታ መጣች። ቄሰ ገበዙ በሩን ያዘባት።

«አንጓች፣ ነገ አልሁሽ እኮ።»

«ነገ ብሞትስ?»

«አትሞችም።»

«አንቱ ነዎት እንዴ የሚያውቁት?»

ቄሰ ገበዙ ዓይኑን ጨፈነ። እኔም ለመንሁት። በመጨረሻ «ዳስሳው ትመለስ» አለ። «አፏን ግን ትያዝ። አደራ፣ አንጓች። ድምፅ አይውጣ።» አንጓች የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ በጥርሷ ነከሰችና ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ ሆና ገባች።

ይርጋ እግሯ ሥር ወደቀ። ደገፈችው፤ አስቀመጠችው፤ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘች። ራሰ በራውን ነካች፤ ጠጉር ፈልጋ እጇ ወደ ኋላ ሄደ። ጆሮውን ያዘች፤ ሕፃን ሳለ ጆሮውን ይዛ ነበር የምታጠባው። የጎደለውን ጥርስ በአውራ ጣቷ አገኘች። እሱ የሠራላትን ነጠላ አውጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ጥለቱን በጣቷ ቆጠረች። «አንተ ነህ የሠራኸው?» ልትል መሰለኝ አፏን ከፈተች፤ የነከሰችው ጫፍ ወደቀ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም።

እልልልልል አለች።

ከዚያ ደረቅ አካል ያ ድምፅ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወንድ ልጅ ሲወለድ የሚባለው ነው፣ ረጅሙ። ቄሰ ገበዙ «አንቺ ሴት! አንቺ ሴት!» እያለ ሮጠ። እኔ አፏን በእጄ ከደንሁት። እሷም ራሷ በሁለት እጇ ከደነችው። ግን ወጥቷል።

እናንተ ሴቶች ናችሁና ታውቁታላችሁ። እልልታ ስንሰማ ማነው፣ ምንድነው ብለን አንጠይቅም፤ መጀመሪያ እንመልሳለን፣ ኋላ እንጠይቃለን። ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ማሽላ ስታበጥር የነበረች ሴት መለሰች። ከወዲህ አንዷ፣ ከወዲያ አንዷ። ከወንዙ ማዶም አንዲት ሴት ረጅም አድርጋ፣ አሳምራ መለሰች። ከዚያ አገሩ ሁሉ ዝም አለ።

አንጓች «ምን አደረግሁ?» አለች። ይዣት ቤቷ ወረድሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ወንዙ ዳር ተቀመጡ። የእኛ ወገን ከወዲህ፣ የሟች ወገን ከወዲያ፣ ሽማግሌዎቹ መሐል ባለው አሸዋ ላይ። ይርጋ ባዶ እግሩን፣ ራቁት ትከሻውን ቆመ። ድንጋዩን አያ ደምሌ እንዳለው ራሱ መረጠ፤ የወፍጮ ድንጋይ የሚያክል ነው። አንገቱ ላይ ሲጭኑት ጉልበቱ ታጠፈ፤ መልሶ ቆመ። ከዚያም ወደ ማዶው ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ» አለ።

የተለመደው ሽማግሌ እንዲለምን ነው። ለመኑ። የሟች ወገን መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ይህም ደንብ ነው። እንቢ አሉ። እንደ ገና ለመኑ። ያን ጊዜ እመት የሻረግ ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። ረጅም ናት፣ ቀጥ ያለች፤ ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች።

«ትናንት እልልታ ሰማሁ» አለች።

ቄሰ ገበዙ «አሮጊት ናት፣ የሻረግ፤ አመለጣት እንጂ አስባ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ በደሉ የእኔ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ አባ። እሷን አላልሁም።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ጠላዬን እየጠለልሁ ነበር። እልልታ ሰማሁ። ማን ወለደ ብዬ ወደ ደጅ ወጥቼ መለስሁ። እኔ ነኝ የመለስሁ። ልጆቼ ከቤት ሮጠው ወጥተው አፌን እስኪይዙኝ ድረስ ለልጄ ገዳይ እልል አልሁ።»

ይርጋ ከድንጋዩ ሥር ያለቅስ ነበር፤ እንባውን የሚጠርግበት እጅ የለውም፤ ሁለቱም ድንጋዩን ይዘዋል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ ልጁ ስለ ክርስቶስ» አላት።

«እሱም ልጁን የገደሉበት ነው» አለች። «ይገባዋል፤ አይፈርድብኝም።»

ተነሥቼ ወንዙን ተሻገርሁ። ሽማግሌ ያልሆነ ሰው አይሻገርም፤ ግን ቆብ አለኝና የከለከለኝ የለም። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«እማሆይ፣ አንቱ ልጅ ተገድሎብዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያ አይለምኑኝ።»

ክንዴን ሳትለቅ «ለእኅትዎ ይንገሩልኝ፤ አልተቀየምኋትም» አለች። «እኔም ብሆን እል ነበር። የተቀየምሁት አፌን ነው። በዚሁ አፍ እንዴት አድርጌ ይማርህ ልበል? ጠላውን ደፍቼዋለሁ።»

ዞራ ዳገቱን ወጣች፤ ሴቶቹም ተከተሏት። ሞላ ብቻውን ቀረ። ወጣት አይደለም፤ ጠጉሩ ሸብቷል። «እናቴ ካላለች እኔ አልልም» አለ ለሽማግሌዎቹ። «ዛሬ በእናንተ መካከል ነውና አልነካውም። ነገ ጀንበር ሳትጠልቅ ግን ከአገር ይውጣ። ከዚያ ወዲያ ባገኘው ሽማግሌ አላውቅም።»

ይህን ብሎ ሄደ።

አንድ ነገር ያላወቃችሁት አለ። በዚያ አገር ይማሩኝ ባዩ ድንጋዩን ራሱ አያወርድም፤ የሚያወርድለት የሟች ወገን ነው። ሲያወርዱለት ነው ተማረ የሚባል። የሟች ወገን ሁሉ ሄዷል፤ ይርጋ ግን እንደ ጎበጠ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቄሰ ገበዙ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ጠፋው፤ እንዲህ ያለ ነገር ደንብ የለውምና።

«አክስቴ፣» አለኝ ይርጋ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «የት ላድርገው?»

እኔ ነኝ ያወረድሁለት። ከባድ ነበር፤ አሸዋው ላይ ሲወድቅ እግሬን ሊመታኝ ነበር። አንገቱ ቆዳው ተገፎ ይደማ ነበር። የነሞላን ውኃ አልነካም ብሎ በወንዙ እንኳ አልታጠበም።

የሽማግሌዎቹ ነገር ዛሬም ይመርረኛል። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ላይ የተመላለሱ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ ያልጠበቁት ነገር ሲመጣ ግን «ለሚመጣው ዓመት እንሞክራለን» ብለው ብትራቸውን አንሥተው ሄዱ። የፈታው መንግሥትም በሩን ከፍቶ ሂድ ሲለው ወዴት ብሎ አልጠየቀው። ሁሉም የየድርሻውን አደረገ፤ ሰውየው ግን የሚገባበት የለውም።

አንጓችን ልሰናበት ቤቷ ገባሁ። አዲሱን ነጠላ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። የየሻረግን ቃል ነገርኋት። «አልተቀየመችኝም?» አለች። «አልተቀየመችሽም» አልኋት። «ከዚህ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች። ይርጋ ሊሰናበታት እንዳይገባ ተከልክሏል፤ እሷም አልጠየቀችኝም።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጥተን ወገዳ ደረስን፤ የጫነ መኪና አግኝተን ተሳፈርን። በስማዳ በኩል ያለው ሰማይ ከእኛው ሰፊ ነው፤ በመጣሁበት ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በመመለሻዬ ቀና ብዬ አላየሁትም። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ አውቶቡስ ሊነሣ ሲል አገኘነው። ይርጋ ወደዚያው አቀና።

«ወዴት ነው? ቤቴ ቤትህ አይደለም ወይ?»

«አክስቴ፣ የስማዳ ሰው በየገበያው ይመጣል። እርስዎን ሬሳ አላሳቅፍም።»

«እዚያስ ምን አለህ? ያን ብርድ ልትሸከም?»

ሄዶ የተከፈተው የአውቶቡስ በር ፊት ቆመ። ሰው እየገፋው ይገባል፣ እሱ ይቆማል። ረዳቱ ተበሳጨ።

«አባት፣ ትገባለህ አትገባም? ወዴት ነህ?»

«ደብረ ታቦር።»

«ዘመድ አለህ እዚያ?»

«ሞልቶ!» አለ ይርጋ። «እሑድ እሑድ ወህኒ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ።»

ሄጄ በሩን ያዝሁለትና «እለፍ» አልሁት። ገባ።